ጉደኛ ግንቦችና ቅርሶች፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

መላሽ፦ ያሻችሁን ጠይቁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፤ የትም ከመሄዳችሁ በፊት ቦታው ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። እድሳት ላይ ሆኖ አጥር ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ እኔን እንዳትወቅሱ።

መንገደኛ፦ ጋሼ፣ ጣሊያን ያለውን ያዘመመውን የፒሳ ግንብ ሳይወድቅ ልየው ብዬ ነበር። መቼ ነው የሚወድቀው?

መላሽ፦ አትቸኩል። በ1990 ተዘግቶ በ2001 ተከፍቷል። ካዘመመበት ተቃራኒ በኩል ከሥሩ አፈር እያወጡ፣ ዘመሙን ከ5 ዲግሪ ተኩል ወደ 4 ዲግሪ ገደማ መለሱት። ጨርሰው ቀጥ ሊያደርጉት አልፈለጉም። ቀጥ ቢል ማን ሊያየው ይመጣል?

አዲስ ገቢ፦ የትኛው ቦታ ይሻላል?

መላሽ፦ ለምኑ? ለማን? ጥያቄ ጠይቁ እንጂ።

ካርታ፦ ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው ቤተ መንግሥት አለ ይባላል። እውነት ነው?

መላሽ፦ እንኳን ጠየቅሽ! ኦትሪቭ የሚባል መንደር ነው። ፌርዲናን ሸቫል ፖስተኛ ነበር። ደብዳቤ ለማደል በየቀኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ይጓዛል። በ1879፣ በ43 ዓመቱ፣ መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ አደናቀፈው። ቅርጹ ገረመውና ኪሱ ውስጥ ከተተው። በነጋታው ተመልሶ ሌላ ለቀመ። ኪሱ ሲሞላ በቅርጫት፣ ቅርጫቱ ሲያንስ በእጅ ጋሪ። ቀን ደብዳቤ ያድላል፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ይገነባል። የግንባታ ትምህርት የሚባል ነገር አልነበረውም። 26 ሜትር ርዝመት ባለው ሕንፃ ላይ ግዙፍ ሰዎችን፣ እንስሳትን፣ መስጊድንና የሂንዱ ቤተ መቅደስን አንድ ላይ አገጣጥሟቸዋል። የድካሙን ሒሳብ ራሱ ግድግዳው ላይ ጽፎታል፤ 10,000 ቀን፣ 93,000 ሰዓት፣ 33 ዓመት።

እዚያው ልቀበር ሲል ሕጉ ከለከለው። ተስፋ የሚቆርጥ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ሄዶ የመንደሩ መካነ መቃብር ውስጥ 8 ዓመት ፈጅቶ ሌላ መቃብር ለራሱ ሠራ። በ1924 ሲሞት እዚያ ገባ። መንግሥት ሥራውን በቅርስነት የመዘገበው በ1969 ነው። ስትሄዱ ድንጋዩን አትነካኩ፣ ስባሪም አትልቀሙ። ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ።

ድንጋይ ወዳድ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግን ይሄ ታሪካዊ ነው እንዴ? የአንድ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ነው።

መላሽ፦ 33 ዓመት ጊዜ ማሳለፊያ! እሺ፣ ሎስ አንጀለስ ሂድና የዋትስ ግንቦችን እይ። ሳይመን ሮዲያ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ ከ1921 እስከ 1954 ብቻውን የሠራቸው ናቸው። ብረቱን አልበየደውም፣ በብሎንም አላሰረውም። በሽቦ ጠቅልሎ በሲሚንቶ ለበጠው፤ ላዩ ላይ የጠርሙስና የሳህን ስባሪ፣ ዛጎል፣ ያገኘውን ሁሉ ለጠፈበት። ረጅሙ 30 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ ቦታውን ለጎረቤት ሰጥቶ ሄደ፤ ዞሮም አላየው። ከተማው አደገኛ ነው ብሎ ሊያፈርሰው ሲል፣ በ1959 ወደ ጎን በ4,500 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ተጎትቶ ተፈተነ። አልወደቀም። መሐንዲሶቹ ምን ይበሉ?

ካርታ፦ እንደነዚህ ያለ ሌላስ?

መላሽ፦ ቻንዲጋር፣ ሕንድ። ኔክ ቻንድ የመንገድ ተቆጣጣሪ ነበር። ከ1957 ጀምሮ የመንግሥት ደን ውስጥ ተደብቆ፣ ከከተማው ግንባታ በተጣለ ፍርስራሽ ሐውልት ይሠራ ነበር። ሲደረስበት መታሰር ሲገባው ደመወዝና ሠራተኛ ተሰጠው። በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ።

መንገደኛ፦ የለንደን ድልድይ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ነው የሚሉት ቀልድ ነው?

መላሽ፦ አይደለም። አሪዞና፣ ሌክ ሃቫሱ። በ1831 የተከፈተው ድልድይ ነው። በ1968 ተሸጠ፣ በ2.46 ሚሊዮን ዶላር። በ1971 እዚያ ተመረቀ። መጀመሪያ ደረቅ መሬት ላይ ተከሉት፣ ከዚያ ከሥሩ ቦይ ቆፍረው ውኃ አሳለፉበት።

ድንጋይ ወዳድ፦ ውስጡ ኮንክሪት ነው። ድንጋዩ ልባስ ብቻ ነው። ኮፒ በሉት።

መንገደኛ፦ እንዴት ኮፒ ይሆናል? ድንጋዩ እኮ ከለንደን የመጣ ነው። የግብፁ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አቡ ሲምበልስ ከ1964 እስከ 1968 ተቆራርጦ 65 ሜትር ወደ ላይ አልወጣም? እሱንም ኮፒ በለዋ!

ድንጋይ ወዳድ፦ አቡ ሲምበልን ውኃ ሊውጠው ስለነበር ነው። ይሄኛው የተነሳው ለገበያ ነው።

መንገደኛ፦ ታዲያ ለንደን ውስጥ እየሰጠመ አልነበር?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ይብቃችሁ። ድንጋዩ የዚያው ነው፣ ድልድዩ ሌላ ነው። ቀጣይ።

አዲስ ገቢ፦ የቻይና ግንብ ከጨረቃ ይታያል አይደል?

መላሽ፦ አይታይም። ቀጣይ።

ሳሮን፦ ቼክ ውስጥ ያለው የአጥንት ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ያስነሳል?

መላሽ፦ የሴድሌኩ? ከ2020 ጀምሮ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ሰው ከራስ ቅል ጋር ሰልፊ መነሳት አበዛ። እዚያ ያለው የሰው አጽም ነው፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ከመሄዳችሁ በፊትም... ታውቁታላችሁ።

መንገደኛ፦ ጋሼ፣ ፒሳ ላይ መውጣት ይቻላል?

መላሽ፦ ተከፍቷል አልኩህ። ትኬት ቁረጥና ውጣ።

ካርታ፦ ብቻቸውን ከሠሩት አንድ የመጨረሻ ይጨምሩልኝ።

መላሽ፦ ላንቺማ። ከማድሪድ አጠገብ፣ ሜሆራዳ ዴል ካምፖ። ሁስቶ ጋዬጎ የሚባለውን ሰው የሳንባ በሽታ ከገዳም አስወጣው። በ1961 በወረሰው መሬት ላይ ካቴድራል መገንባት ጀመረ። ንድፍ የለ፣ ፈቃድ የለ። የሰው ትርፍ ጡብና የተጣለ ዕቃ እየሰበሰበ ጉልላቱ ድረስ አደረሰው። በ2021፣ በ96 ዓመቱ ሲሞት አላለቀም ነበር። ሕንፃውን የተረከበው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ግንባታ ላይ ያለ ቦታ ስለሆነ መግቢያ ሰዓቱን በደንብ አጣሪ።