ቢጫ ነበልባል፣ የጋለ ማዞሪያ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ችግርህ ባጭሩ ይህ ነው። የጋዝ ግሪልህ ክረምቱንና ሁዳዴን ሙሉ ተሸፍኖ ከረመ። ለፋሲካ የበግ ጎድን ስትጠብስ በቀኝ በኩል ያለው እሳት ቢጫ ሆነ። ሥጋው ጥላሸት ለበሰ፤ የዚያው በርነር (እሳቱ የሚወጣበት ቱቦ) ማዞሪያም እጅ እስኪያቃጥል ጋለ። በመጨረሻ ታች የተጠራቀመው ስብ ተያያዘ። አማችህ በጆግ ውሃ ሲደፋበት እሳቱ ወደ ላይ ተስፈነጠረ። ከኋላው ያለው የቪናይል ሳይዲንግም (የቤቱ ግድግዳ የፕላስቲክ ልባስ) ተጨማደደ። "ሪጉሌተሩን ልቀይረው?" ብለሃል።

ቆይ፣ ገና አትቀይር። ሪጉሌተር፣ ማለትም የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ፣ ሲያስቸግር አብዛኛውን ጊዜ የሁሉም በርነር እሳት ነው የሚበላሸው። ያንተ አንድ ጎን ብቻ ነው። ቢጫ እሳት፣ የጋለ ማዞሪያ፣ ወራት ሙሉ የቆመ ግሪል፦ እኔ የምጠረጥረው ሸረሪት ነው። የቀኙ በርነር ቱቦ ውስጥ ድሯን አድርታለች።

ይህችን ነገር ረጋ ብዬ ላስረዳህ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቃት። ጋዙ ከማዞሪያው ጀርባ ካለች ትንሽዬ ቀዳዳ በኃይል ይወጣና በርነሩ ቱቦ አፍ ውስጥ ይገባል። ሲገባ በጎን ባለችው መስኮት አየር እየሳበ ነው። አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመቃጠል 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ከዚያ ውስጥ ከፊሉ የሚገባው በዚያች መስኮት ነው፤ የቀረውን ነበልባሉ ከዙሪያው ይወስዳል። ድብልቁ ሲስተካከል እሳቱ ሰማያዊ ይሆናል። አየር ሲያንሰው ያልተቃጠለው ካርቦን ይግላል፤ ቢጫው እሱ ነው፣ ሥጋህ ላይ ያረፈውም ጥላሸት እሱ ነው። ድሩ ቱቦውን ሲያጠብበው ደግሞ ጋዙ መሄጃ ያጣና በመስኮቷ ወደ ኋላ ይፈሳል። እዚያ ሲቀጣጠል እሳቱ ከማዞሪያዎቹ ጀርባ ነው የሚነደው፣ ጋዙን ከሲሊንደሩ የሚያመጣው ጎማ አጠገብ ማለት ነው። ማዞሪያው የጋለው ለዚህ ነው። ድሩ ቀጭን ስለሆነ አጎንብሰህ ስላላየኸው የለም አትበል።

ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ሪጉሌተሩን ፍታ፣ ግሪሉ ይቀዝቅዝ። ፍርግርጉን አንሳና በርነሩን ፈተህ አውጣው። በረጅም ተጣጣፊ ብሩሽ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥረገው። የእሳት ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ክፈታቸው፣ ግን አታስፋቸው። ጋዝ የምትረጨዋን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ የሚያሰፉ "ጠጋኞች" አሉ፤ ግሪሉን ለአደጋ ነው የሚያዘጋጁት። ስትመልሰው የጋዙ አፍንጫ (ያቺ ጋዝ የምትረጨው ቀዳዳ ያለችበት) በርነሩ ቱቦ ውስጥ መግባቱን በዓይንህ እይ።

በላክህልኝ ፎቶ ላይ ያየሁት ጎማ ግን አናደደኝ። ማን እንደቀየረልህ አላውቅም፤ ርካሽ ጎማ በሽቦ አስሮ በፕላስተር ጠቅልሎታል። የጋዝ መስመር በፕላስተር አይጠገንም! ለግሪልህ ሞዴል የተሠራውን፣ ከነሪጉሌተሩ የሚመጣውን ግዛ። ስለዚህ ሪጉሌተሩም አብሮ ይቀየራል፣ ምክንያቱ ግን ጎማው ነው። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ከወጣ ጋዝ ያፈሳል ማለት ነው፣ እንዳትለኩስ። ስትለኩስ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ሲሊንደሩን በቀስታ ክፈተው፤ በአንዴ ከከፈትከው ጋዝ ሲያፈስ የሚገድበው መከላከያ ጋዙን ያንቀውና እሳቱ ደካማ ይሆናል።

ታች ያነጠፍከውን ፎይል ደግሞ አንሳ። ስቡ ወደ ማጠራቀሚያው እንዳይወርድ ያቆረው እሱ ነው። የታችኛውን ሳህን ፍቀህ አጽዳ፣ ማጠራቀሚያውንም በየጥብሱ ድፋ።

አሁን ስለ ውሃው። የሚነድ ስብ ላይ ውሃ አይደፋም። ለአማችህም፣ ለልጆቹም ንገራቸው። ስቡ ከ100 ዲግሪ እጅግ በላይ ግሏል። ውሃው ከስሩ ገብቶ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ መጠኑም ከሺህ እጥፍ በላይ ይጨምራል፤ የሚነደውን ስብ ፊታችሁ ላይ የሚረጨው ይኸው ነው። ማዞሪያዎቹን አጥፋ፣ እጅህ ከደረሰ ሲሊንደሩን ዝጋ፣ ክዳኑን ክደን። ትንሽ እሳት ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ በትንበት። እሳቱ ጎማው ወይም ሲሊንደሩ ጋ ከደረሰ ግን አትጠጋ፤ ሰዉን አርቅና 911 ደውል። ውሃ ግን አይሆንም፣ አንድ ብርጭቆም ቢሆን።

ሳይዲንጉን በተመለከተ፣ ቪናይል 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የግሪልህ ትኩስ አየር በብዛት የሚወጣው በክዳኑ ጀርባ ነው፣ ማለትም ፊት ለፊት ግድግዳህ ላይ። ስለዚህ ከግድግዳው 3 ሜትር ያህል፣ 10 ጫማ አርቀው፤ ከጣሪያው ክፈፍ ስርም አውጣው። የተጨማደደውን ሰሌዳ ለብቻው ማስቀየር ይቻላል። መጀመሪያ ግን ከስሩ ያለው እንጨት መጥቆሩን አስፈትሽ።

ካጸዳኸው በኋላ ማታ ለኩሰህ እየው፣ ቀለሙ በጨለማ ይለያል። አሁንም ቢጫ ከሆነና የአየር መስኮቷ ተንሸራታች ሽፋን ካላት፣ ትንሽ ከፈት አድርጋት። ያም ካልረዳ በርነሩ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀይረው።