ከዝርዝሩ የጎደለው ሕንጻ፦ በውጭ አገር በማኅበራዊ ቤቶች ለሚሠሩ የውስጥ ኦዲተሮች

ጅማ ላይ ዝናብ ረጅም ወራት ይቆያል። በአዌቱ ወንዝ አካባቢ ያሉ የጭቃ ቤቶች ግድግዳ በክረምት ከመሠረቱ ወደ ላይ እየረጠበ ይጠቁራል፤ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነጠላ እንኳ ሲወጣ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ያደግሁት እንዲህ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ በኋላ እንግሊዝ ሄጄ ማኅበራዊ ቤት የሚባለውን በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ ቤት በሚያከራዩ ድርጅቶች ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የድርጅቱን ሥራና ሪፖርት ከውስጥ ሆኖ በሚፈትሽ የውስጥ ኦዲተርነት ሠራሁ። አሁን ተመልሼ ጅማ እኖራለሁ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቀው በዚያው ሙያ እንግሊዝ የገቡ ልጆች እየደወሉ ሲያማክሩኝ፣ ብዙዎቹ የሚጨነቁት በሕጎቹ ብዛት ነው። ሕጉን አንብቦ ማወቅ ይቻላል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሕጉን መቶ በመቶ አክብረናል» የሚለው ሪፖርት በየትኛው የቤቶች ዝርዝር ላይ እንደተሰላ ሳይጠይቁ መፈረማቸው ነው፤ ይህንን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁና።

ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአንድ አከራይ ድርጅት የጋዝ ደኅንነት ኦዲት ተሰጠኝ። በእንግሊዝ ማንኛውም አከራይ የቤቱን የጋዝ መሣሪያዎች በየ12 ወሩ በተመዘገበ ባለሙያ የማስመርመር ግዴታ አለበት። ኃላፊው ያቀረበልኝ ሪፖርት 100 በመቶ ይላል። ከጥገና ክፍሉ የኮምፒውተር መዝገብ ናሙና መረጥሁ፤ የምስክር ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንድም የጎደለ ስላላገኘሁ «አጥጋቢ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ከወራት በኋላ አንዲት ተከራይ ማሞቂያዋ ተበላሽቶ ስትደውል፣ የምትኖርበት ሕንጻ ከሌላ ድርጅት ጋር በተደረገ ውህደት ሲመጣ ወደ ኪራይ መዝገብ ገብቶ ወደ ጥገና መዝገብ ሳይገባ እንደቀረ ታወቀ። ኪራይ በየሳምንቱ ይሰበሰብበታል፤ ጋዙን ግን ማንም አላየውም። ናሙናዬን የመረጥሁት ከዚያው ከጎደለው መዝገብ ስለነበረ፣ ሺህ ቤት ብመርጥ ኖሮ እንኳ ያንን ሕንጻ አላገኘውም ነበር። ሰው አልተጎዳም። ሆኖም በፊርማዬ ምክንያት ማንም ዳግመኛ ሳይፈትሸው የቆየውን ሕንጻ እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

ስለዚህ ናሙና ከመምረጣችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ዝርዝሮችን አስተያዩ፦ ኪራይ የሚሰበሰብባቸውን ቤቶች፣ ድርጅቱ ለመድን የሚከፍልባቸውን ቤቶች፣ የጥገና ክፍሉ የሚያውቃቸውን ቤቶች። አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ለጠፋ ቤት ሁሉ ምክንያት ጠይቁ። «ይህ ቤት ጋዝ የለውም» ከተባላችሁ፣ ይህን ማን፣ መቼ፣ በዓይኑ አይቶ እንዳረጋገጠ ጠይቁ። በየ5 ዓመቱ የሚደረገው የኤሌክትሪክ ምርመራ፣ በየ6 ወሩ የሚፈተሸው የሰው አሳንሰር፣ የእሳት ስጋት ግምገማው፣ በአሮጌ ሕንጻዎች የሚገኘው ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ የሚራባው የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ፣ ሁሉም የሚመረመሩት በዚሁ መንገድ ነው። የጅማ ቡና ገዢ የጆንያውን አፍ አይቶ አይገዛም፤ ስለታም ክፍት ብረት ሰክቶ ከመሃል ያወጣል። ከዚያም በፊት ግን የጆንያዎቹን ብዛት ከጭነት ወረቀቱ ጋር ያስተያያል፤ በወረቀቱ ላይ ኖሮ ከመኪናው ያልወረደውን ጆንያ የትኛውም ብረት አይወጋውምና።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 በሮችዴል ከተማ አዋብ ኢስሃቅ የተባለ የሁለት ዓመት ሕፃን፣ ወላጆቹ በተከራዩት ማኅበራዊ ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ በሻጋታ በመጠቃቱ ሞተ። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው። አባቱ ስለ ሻጋታው ሲያመለክት ቀለም ቀባበት ተብሎ ነበር። በኋላም ቤተሰቡ በጠበቃ በኩል አቤቱታ ሲያቀርብ፣ ክርክሩ እልባት ሳያገኝ ጥገና አይጀመርም የሚለው የአከራዩ አሠራር ሥራውን አዘገየው። ይህንን ነጥብ ቆም ብላችሁ አስቡት። አሠራሩ ተጽፏል፤ ሠራተኞቹም ተከትለውታል። «አሠራሩ ተከብሯል ወይ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ኦዲተር ያንን ፋይል ቢከፍት ምንም ግኝት አያገኝም ነበር። አሠራሩ ራሱ ተከራዩን የሚጎዳ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ከእናንተ ሥራ ውጭ ነው የሚላችሁ አለቃ ቢኖር አትቀበሉት።

ከዚህ ሞት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2023 የማኅበራዊ ቤቶች ቁጥጥር አዋጅ ወጣ፤ በሕፃኑ ስም «የአዋብ ሕግ» የተባለው የአዋጁ ክፍልም ከኦክቶበር 27 ቀን 2025 ጀምሮ በእንግሊዝ በሥራ ላይ መዋል ጀመረ። አስቸኳይ አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ መወገድ አለበት፤ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ አቤቱታ ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ተመርምሮ፣ አደጋ መኖሩ ከተረጋገጠ ምርመራው ካለቀ በኋላ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ቤቱ ከአደጋ ነፃ መደረግ ይኖርበታል። ቁጥሮቹን ማስታወስ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ቀኑ ከመቼ ጀምሮ መቆጠር እንዳለበት ማረጋገጥ ነው። ለምሳሌ አንዲት ተከራይ ለጽዳት ሠራተኛው ነግራለች፤ ቧንቧ ሊጠግን የገባው ተቋራጭ ጥቁሩን ግድግዳ አይቶ በስልኩ ፎቶ አንስቷል፤ የስልክ ተቀባዩ «አጠቃላይ ጥያቄ» ብሎ መዝግቦታል። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ የሥራ ትእዛዝ የተከፈተበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀን ከተቆጠረ ሁሉም በጊዜው ተሠርቷል። ስለዚህ የስልክ ቅጂዎችን አዳምጡ፤ የተቋራጩን ፎቶዎች ጠይቁ፤ «ተከራዩ በር አልከፈተም» ተብለው የተዘጉ ትእዛዞችን ለይታችሁ አውጡ።

በዚህ በመጨረሻው ላይ እናንተ የአገር ልጆች ከሌላው ኦዲተር የተሻለ ታያላችሁ ብዬ አምናለሁ። በር ያልተከፈተው ስንት ጊዜ ደብዳቤው ለእማማ በማይገባቸው ቋንቋ ስለተጻፈ፣ ቀጠሮ መያዙን ስላላወቁ፣ ልጃቸውም ሥራ ላይ ስለነበረ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሻጋታው የመጣው «ከአኗኗራቸው» ነው የሚለው ማስታወሻም በእኛ ሰዎች ፋይል ላይ ሲጻፍ አይቻለሁ፤ ምጣድ ስለሚጥዱ፣ ቡና ስለሚያፈሉ። እንፋሎት ግድግዳ ያረጥባል፤ አየር ማስወጫው የማይሠራ ቤት መስጠት ግን የአከራዩ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ስታገኙ፣ ከመጻፉ በፊት ቤቱን የለካ ባለሙያ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በጁን 14 ቀን 2017 በለንደን በግሬንፌል ሕንጻ ቃጠሎ 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ በዚያ ሕንጻ ውስጥ የእኛም አገር ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ነዋሪዎችም ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። የተከራዮችን ቅሬታ እንደ ኦዲት ማስረጃ እንድታነቡ የምለምናችሁ ለዚህ ነው።

ከአገር ልጅ ጋር ያለን ትስስር ግን ፈተናም ያመጣል። በካውንስል (በአካባቢ አስተዳደር) ወይም በቤቶች ማኅበር ቤት ተመዝግቦ፣ እሱ ሌላ ቦታ እየኖረ ቤቱን በድብቅ የሚያከራይ ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2013ቱ አዋጅ ወዲህ ይህ በእንግሊዝ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በእድር ወይም በቤተ ክርስቲያን የምታውቁት ሰው ፋይል ከገጠማችሁ፣ ዝምድናችሁን በጽሑፍ አሳውቃችሁ ከጉዳዩ ውጡ፤ ፋይሉን አትክፈቱ፤ «ተጠንቀቅ» ብላችሁም አትደውሉ። «ዘመድ አይደለህም ወይ?» የሚላችሁ ይኖራል፤ ያማል፤ ነገር ግን ያ ቤት የሚገባው በአንድ ጠባብ ክፍል ከሦስት ልጆቿ ጋር ተራዋን የምትጠብቅ እናት ናት፤ እሷም የእኛ ዘመድ ልትሆን ትችላለች።

ይሉኝታም በሪፖርት ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። በዕድሜ የሚበልጠንን ኃላፊ ማሳፈር እንደ ነውር ተቆጥሮ ስላደግን «አንዳንድ መሻሻል የሚሹ ነጥቦች አሉ» ብለን እናልፋለን። ለሰውየው ያላችሁን አክብሮት ግኝቱን አስቀድማችሁ ለእሱ በመንገርና መልሱን በትዕግሥት በመስማት አሳዩ፤ ሲጻፍ ግን ስንት ቤት እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለ፣ እዚያ ለሚኖረው ሰው ምን እንደሚያስከትል በግልጽ ይጻፍ። እንግሊዝ ውስጥ 1,000 እና ከዚያ በላይ ቤት ያለው አከራይ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ4 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ስለሚመረመር፣ ምርመራው ሲቃረብ ሪፖርት እንድታለሰልሱ የሚደረግባችሁ ግፊት ይጨምራል። ያን ጊዜ ለቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ በቀጥታ የመናገር መብታችሁን ተጠቀሙበት።

በአሜሪካ፣ በካናዳ ወይም በስዊድን የምትሠሩ ሕጉ ይለይባችኋል፤ የዝርዝሩ ነገር ግን አይለይም። አገር ቤትም ያው ነው፦ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ በመገኘታቸው ተሰርዟል። ተመልሳችሁ በዚህ ዘርፍ ማገልገል የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ከምንም በፊት የምትፈለጉት ለዚህ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግኝታችሁ «ተዘግቷል» ተብሎ ሲመለስላችሁ በተስተካከለው የኮምፒውተር መዝገብ ፎቶ ብቻ አትርኩ። ከሦስት ወር በኋላ ከዝርዝሩ ጎድሎ የነበረውን ሕንጻ አድራሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተከራይዋን አስፈቅዳችሁ ግቡና ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት፤ የጋዝ ምርመራው ወረቀት በእጇ ደርሶ እንደሆነም ራሷን ጠይቋት።