ፋየርፎክስን በቀይ ቀበሮ ብቀይረው እከሰስ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር እየተፎካከርን፣ ለጨዋታ ያህል፣ የታወቁ ሶፍትዌሮችን ሎጎ እንደ አዲስ መሥራት ጀምረናል። ለእኔ የደረሰኝ የኢንተርኔት አሳሹ ፋየርፎክስ ነው። ኳሷን እንዳለች ትቼ የተጠመጠመችባትን ቀበሮ የባሌ ቀይ ቀበሮ አደረግኋት። ጅራቷ ግን እንደ ድሮው ነበልባል ነው። አሁን አንድ ማተሚያ ቤት «50 ቲሸርት ላይ አትመን እንሽጠው» አለኝ። ይቻላል? ፖርትፎሊዮዬ ላይስ ላስገባው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሥራህን አየሁት። ጆሮዋ ሾል፣ እግሯ ረዘም ብሎ በደንብ የባሌዋን ትመስላለች። (ለነገሩ «ፋየርፎክስ» የሬድ ፓንዳ ሌላ ስም ነው፤ ቀበሮዋን የጨመሩት ሎጎውን የሠሩት ናቸው።)

ለጨዋታ መሳልህ አያሳስበኝም። ፖርትፎሊዮህም ላይ አስገባው፤ ብቻ ከሥሩ «ለልምምድ የተሠራ፣ ከሞዚላ ጋር ግንኙነት የለውም» ብለህ ጻፍ። የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው ሞዚላ ቀጥሮኝ ነበር የሚያስመስል ቃል ግን እንዳይኖር። ቀጣሪ ደውሎ ቢያጣራ ምን ልትል ነው?

ጣጣው ቲሸርቱ ላይ ነው። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምልክቱን ላስመዘገበ ባለቤት የሚሰጠው መብት ቅጂውን ብቻ አይመለከትም። ተመሳሳይ የሆነና ሰውን ሊያሳስት የሚችል ምልክትንም ማስከልከል ይችላል። አንተ የቀየርከው እንስሳዋን ነው። ኳሷ፣ ጥምዝምዙ፣ ነበልባሉ እዚያው አሉ። ታክሲ ውስጥ ከፊት ለፊትህ የተቀመጠ ሰው ቲሸርቱን ቢያይ የሚለው «አ! ፋየርፎክስ» ነው። ለምልክት ባለቤት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ምልክቱ እዚህ አገር መመዝገቡን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማጣራት ትችላለህ።

የቅጂ መብቱ ትንሽ ያከራክራል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ሲሰጥ የሠሪውን ዜግነትና መኖሪያ፣ ሥራው መጀመሪያ የወጣበትንም አገር ያያል። ስለዚህ የውጭ ሰው ሥራ ላይ እዚህ ፍርድ ቤት ብዙ መሟገት ይቻላል። ይህ ግን እንዳያዘናጋህ። ቲሸርቱን የምታስተዋውቀው ኦንላይን ነው፣ ድረ ገጾቹ ያሉት ደግሞ አሜሪካ ነው። አንድ አቤቱታ ከደረሳቸው ማስታወቂያህን ያነሱታል፣ አንተ ፍርድ ቤት ሳትደርስ።

«የፋየርፎክስ ኮድ እኮ ለሁሉም ክፍት ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ስሙና ሎጎው ግን አይደሉም። የሞዚላ መመሪያ ሎጎውን መቀየር ይከለክላል። ደቢያን የተባለውን ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት የሚያዘጋጁት ሰዎች ይህን ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሎጎው ፈቃዱ ነጻ አይደለም ብለው ሳያካትቱት ቀሩ። ሞዚላም «እንግዲያው በስማችንም አትጠቀሙ» አላቸው። አሳሹን «አይስዊዝል» ብለው ለመጥራት ተገደዱ፤ ወደ ድሮው ስም የተመለሱት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ሁሉም እንደዚህ ጥብቅ አይደለም። ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚወክለውን ፔንግዊን፣ ተክስን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የሳለው ላሪ ዩዊንግ ማንም እንዲጠቀምበትና እንዲቀይረው ፈቅዷል። የጠየቀው የሠሪውን ስምና ጊምፕ የተባለውን የስዕል ፕሮግራም መጥቀስ ብቻ ነው። ለቀጣዩ ዙር እሱን ምረጡ።

ሌላ አንድ ነገር፦ ተቀጣሪ ከሆንክና ይህን የሠራኸው በሥራህ ምክንያት ከሆነ፣ ውልህ ሌላ ካላለ በቀር የሥራው ባለመብት አሠሪህ ነው። ከማተሚያ ቤቱ ጋር ከመፈራረምህ በፊት ውልህን አውጥተህ አንብብ።

ለማተሚያ ቤቱ ግን እምቢ አትበል። ኳሷን አውጣት። ነበልባሉን አጥፋና የባሌዋን ቀበሮ ጥቁሩን የጅራቷን ጫፍ መልስላት፤ ቁጭ ትበል ወይም ትሩጥ፣ ብቻ በምንም ላይ አትጠምጠም። «ፋየርፎክስ» የሚል ቃል የትም አታስገባ። ያኔ ከ50 አልፈህ 500 ብታሳትምም ሞዚላ የሚጠይቅህ ነገር የለም።