«ሰርቪስ ስላለፈህ ዋስትናህ ወድቋል» ሲሉህ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ሞተር ሳይክሌን አዲስ ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ዋስትናው 24 ወር ወይም 20,000 ኪሎ ሜትር ነው። እስካሁን 9,400 ነድቻለሁ። የ1,000ውን ሰርቪስ እነሱ ጋ አስደርጌያለሁ። የ5,000ው አለፈኝ፤ ዘይቱን ግን እኔው ራሴ ቀይሬያለሁ። አሁን ሞተሩ ሲሞቅ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳልሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) እየወረደ ይጠፋል፣ ትኩስ እያለም ቶሎ አይነሳም። ከቴስታታው (ሲሊንደሩን ከላይ ከሚገጥመው የሞተሩ ራስ) ሥር ደግሞ ዘይት ያልበዋል። አከፋፋዮቹ ‹ሰርቪስ ስላለፈህ ዋስትናህ ወድቋል፣ ሞተሩን ለመክፈትም ትከፍላለህ› አሉኝ። ልክ ናቸው?»

ወንድሜ፣ በአንዱ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በሌላው ግን አይመስለኝም። አንተ ሁለት ብልሽት ይዘህ ሄድክ፤ እነሱ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጡህ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የዋስትና ደብተርህን አውጣና ስለ ሰርቪስ የሚናገረውን አንቀጽ ቃል በቃል አንብብ። «በጥገና ጉድለት ምክንያት የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም» ማለትና «አንድ ሰርቪስ ካለፈ ዋስትናው በሙሉ ይቋረጣል» ማለት በጣም ይለያያሉ። ሁለተኛው በግልጽ ተጽፎ ፈርመህበት ከሆነ ክርክሩ ይከብድሃል። የመጀመሪያው ከሆነ ግን «ያለፈው ሰርቪስና ይህ ብልሽት በምን ይገናኛሉ?» ብለህ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለህ። ጥያቄውንም ለእያንዳንዱ ብልሽት ለየብቻ ጠይቅ።

ከዘይቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። በመጀመሪያ ከየት እንደሚወጣ እርግጠኛ ሁን። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ ስትነዳ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ረጥቦ ያየኸው ቦታ ምንጩ ላይሆን ይችላል። ከላይ የቫልቭ ክዳኑ አልቦት ወደ ታች ወርዶ ይሆናል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አካባቢውን ቅባት በሚያስለቅቅ ነገር እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ የሕፃን ፓውደር ነስነስ አድርግበት። አሥር ደቂቃ ያህል ነድተህ ተመልከት። ፓውደሩ ከጠቆረባቸው ቦታዎች ከሁሉም ከፍ ያለውና ወደ ፊት ያለው ምንጩ ነው። ፎቶ አንሳው። ኪሎ ሜትሩንም አብረህ አንሳ።

ዘይቱ የሚወጣው ቴስታታውና ሲሊንደሩ ከሚገጥሙበት መስመር ከሆነ፣ የሚጠረጠረው ጓርኒሲዮኑ (በመካከላቸው ያለው ማሸጊያ)፣ የብረቱ ፊት ወይም በልኩ ያልጠበቀ ቡሎን ነው። በ5,000 ሰርቪስ ላይ ቴስታታ የሚፈታ የለም። ያንን ሰርቪስ በሰዓቱ ብታስደርገውም ኖሮ ያው ያልበው ነበር። ይህን በዋስትና ይሥሩልህ፤ እዚህ ላይ ወደ ኋላ አትበል።

«ያለ ዘይት ነድተህ አግለኸዋል» ሊሉህ ይችላሉ። ለዚህ መልሱ የዘይት ደረሰኝህ ነው። የጠርሙሱንም ፎቶ ጨምርበት። ጃሶ (JASO) ኤም ኤ ወይም ኤም ኤ 2 የሚል የዘይት ደረጃ ምልክት ካለበት፣ ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ሳይክል የተዘጋጀ ዘይት ነው ማለት ነው። ደረሰኙ ከጠፋብህ የሆነውን እንዳለ ተናገር። ወደ ኋላ ቀን ጽፈህ ደረሰኝ አታሠራ። አንድ የውሸት ወረቀት ከተገኘብህ እውነተኛዎቹም አይታመኑልህም።

አሁን ወደ ከባዱ። ሲሞቅ ሚኒሞው ወርዶ የሚጠፋ፣ ትኩስ እያለ መነሳት የሚያስቸግረው ሞተር ሲመጣልኝ ቶሎ የማየው የቫልቭ ክፍተት ነው። ካንዴላና የነዳጅ ችግርም ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። አዲስ ሞተር ላይ ግን ቫልቩን መዝለል አይገባም።

ቫልቭ ማለት ነዳጅና አየር የሚገባበት፣ ጭስ የሚወጣበት የሞተሩ በር ነው። ክፍተቱ ቫልቩንና ቫልቩን የሚገፋውን ክንድ የሚለይ በጣም ቀጭን ቦታ ነው። በብዙ ትናንሽ ሞተሮች 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የአንተ ትክክለኛ ቁጥር መመሪያው ላይ አለ። ቫልቩ ሲመላለስ መቀመጫውን እየበላ ትንሽ ትንሽ ይሰምጣል፣ ክፍተቱም ይጠባል። ሞተሩ ሲሞቅ ደግሞ የቫልቩ ብረት ይረዝማል። ክፍተቱ ጨርሶ ካለቀ ቫልቩ መግጠም ያቅተዋል። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት) ያመልጣል፣ ሞተሩም ይጠፋል። የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው በዋናነት መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። በደንብ ካላረፈ ይቃጠላል።

ሰው የሚሳሳተው ድምፁ ላይ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ባለቤቱ ደንግጦ ጋራዥ ይሮጣል። ሲጠብ ግን ጸጥ ይላል። «እንዴት ለስላሳ ሆነልኝ» እየተባለ ቫልቭ የተቃጠለባቸው ብዙ ሞተሮች በእጄ አልፈዋል።

ይህ እንግዲህ የሰርቪስ ሥራ ነው። መመሪያህ 5,000 ላይ ክፍተቱ ይታይ የሚል ከሆነና አንተ ዘይት ብቻ ቀይረህ ካለፍክ፣ በዚህኛው ብልሽት ላይ አከፋፋዮቹ የሚያነሱት ነጥብ ባዶ አይደለም። ይህን ደብቄ ባበረታታህ አልጠቅምህም።

ግን የ1,000ው ሰርቪስስ? እሱን የሠሩት እነሱ ናቸው። ብዙ መመሪያዎች በዚያ ሰርቪስ ላይ የቫልቭ ክፍተት ይታይ ይላሉ፤ አዲስ ሞተር ክፍሎቹ ገና እየተለማመዱ ስለሆነ ነው። ክፍተት ደግሞ በአብዛኛው የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ነድተኸው የመጣኸው ሞተር እስኪቀዘቅዝ ሰዓታት ይፈልጋል። እኔ በአንድ አከፋፋይ ወርክሾፕ በሠራሁበት ጊዜ ያየሁትን ልንገርህ። ደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሞተሩ እንደ እሳት ይፋጃል። ወረቀቱ ላይ ግን «የቫልቭ ክፍተት» ከሚለው ፊት ራይት ይደረጋል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ያ ሰው እኮ ሥራው ተሠርቶልኛል ብሎ አምኖ ነው የሄደው።

ስለዚህ የዚያን ቀን አስታውስ። በስንት ሰዓት አስረከብካቸው? በስንት ሰዓት መለሱልህ? በ40 ደቂቃ ውስጥ ከወጣህ ክፍተቱ በትክክል ተለክቷል ለማለት ይከብዳል። የሰርቪስ ወረቀቱንም አውጣ። የተለካው ቁጥር ተጽፏል ወይስ ራይት ብቻ ነው ያለው? ቁጥር ከሌለ፣ ሳትጮህ «በ1,000 ላይ የለካችሁት ስንት ነበር?» ብለህ ጠይቃቸው። ያልለኩ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።

ሞተሩን ለመክፈት ከመስማማትህ በፊት ክፍተቱ ይለካ። ለዚህ ቴስታታ መፍታት አያስፈልግም፤ የቫልቭ ክዳኑ ተነስቶ ይለካል። ሞተሩን ማታ ትተህላቸው ሂድና ጠዋት አንተ ባለህበት ይለኩት፣ ቁጥሩም ይጻፍ። ክፍተቱ በልኩ ውስጥ ከሆነ ያለፈው ሰርቪስ ለዚህ ብልሽት ምክንያት አይሆንም፤ ሌላ ምክንያት ይፈልጉ። ጠቦ ከተገኘና ሲስተካከል ሞተሩ ከዳነ፣ የማስተካከያውን ከፍለህ ውጣ፤ የሚያጨቃጭቅ ነገር አይደለም። ተስተካክሎም ኮምፕረሽኑ ካልተመለሰ ቫልቩ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም፤ የ1,000ው ወረቀት የሚጠቅምህም ይኼኔ ነው። እስከዚያ ሌላ ጋራዥ እንዳይፈታው አደራ። አንዴ ሌላ እጅ ከገባበት «እሱ ነው ያበላሸው» ይሉሃል፤ አንተም ማስረጃ አይኖርህም።

ስታስረክብ የምታስጽፈው ቃል ላይ ተጠንቀቅ። ያየኸውን እንጂ የገመትከውን አታስጽፍ። «ካንዴላ ይቀየር» ካልክ ካንዴላ ቀይረው ያስከፍሉሃል፣ ችግሩም አብሮህ ወደ ቤት ይመለሳል። «20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ሚኒሞው ወርዶ ይጠፋል፣ ትኩስ እያለ አይነሳም» ብለህ አስጽፍ። ዘይቱን በሌላ መስመር ለብቻው አስጽፍ። በሁለተኛ ጊዜ ከተመለስክም ያንኑ ቃል ድገመው፤ ያው ብልሽት እንደተመለሰ ከወረቀቱ ይታያል። የመክፈቻው ክፍያ ነገርም ይጻፍ፦ ብልሽቱ በዋስትና የሚሸፈን ሆኖ ከተገኘ መክፈቻውን አልከፍልም። የወለቀው ዕቃ እስክታየው ድረስ እንዳይጣል ንገራቸው።

እምቢ ካሉ እምቢታውን በጽሑፍ ጠይቅ፤ ምክንያቱና የደብተሩ አንቀጽ ይጠቀስ። የዋስትና ሥራን ወጪ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሸፍነው አምራቹ ነው። ስለዚህ ጉዳይህ ለአምራቹ ተልኳል ወይስ ደንበኛ መቀበያው ላይ ያለው ሰው ብቻ ነው የወሰነው? ይህን ጠይቅ። ካልተላከ፣ ፎቶዎቹንና ወረቀቶቹን ይዘህ አንተው ራስህ ለአምራቹ ጻፍ። አጭር ይሁን፤ ቀንና ኪሎ ሜትር ይኑረው፣ ስድብ አይግባበት። መቀበያው ላይ ካለው ልጅ ጋርም አትጣላ። ሥራ ክፍል ገብቶ ስለ አንተ የሚናገረው እሱ ነው።

ደግሞ የ10,000ው ሰርቪስ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የቀረው። ክርክሩ ስላላለቀ ብለህ እንዳታሳልፈው። ማታ አስረክብ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ይለካ፣ የአስገቢውም የአስወጪውም ቫልቭ ቁጥር በወረቀት ይሰጥህ።