ኪያሬ ያብባል እንጂ አያፈራም

በዚህ ወር ከመጡልኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ኪያር ናቸው። ጓሮው ውስጥ ግሪንሃውስ የሠራ ሰው በዝቷል ማለት ነው። ደስ ይላል። ጥያቄዎቹ ግን ስለሚመሳሰሉ አንዳንዶቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ያልተመለሰለት ሰው አይቀየመኝ።

«እትዬ፣ የእኔ ኪያሮች ቁመታቸው ጣሪያ ነክቷል። አበባ በአበባ ናቸው። ፍሬው ግን ገና የጣት ያህል ሳይሆን ጫፉ ይጠወልጋል፤ ከዚያ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ማዳበሪያ ብጨምርለት ባሰበት። ምን ይሻለኛል?»

በመጀመሪያ ማዳበሪያውን ያስቀምጡት። ተክልዎ አልተራበም። የጎደለው ንብ ነው።

ኪያር በአንድ ተክል ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ነገ ጠዋት ገብተው አበቦቹን ከጀርባቸው ይዩዋቸው። ሴቴዋ ከኋላዋ ጥፍር የምታህል ኪያር ይዛለች፤ በደንብ ካዩዋት ጥቃቅን እሾህና ፀጉር አላት። ወንዴው በቀጭን አገዳ ላይ ባዶውን ነው የሚቆመው። ብዙ ጊዜም ሦስት አራት ሆነው ከአንድ አንጓ ይወጣሉ። ሴቴዋ የወንዴው ብናኝ ካልደረሳት ያቺ ትንሿ ኪያር ጥቂት ቀን ትቆይና ትጨማደዳለች። ሜዳ ላይ ብናኙን የሚያደርሰው ንብ ነው። በሩ ተጠርቅሞ፣ መስኮቱ በመረብ ተሸፍኖ ንብ ከየት ይምጣ?

እንግዲህ ሥራው የእርስዎ ነው። አበባው ለአንድ ቀን ብቻ ስለሚከፈት ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይከር ይግቡ። ወንዴውን ይቅጠፉና ቢጫውን ዙሪያውን ይላጡት። መሃል ላይ ዱቄት ያዘለ ጉጥ ይቀራል። እሱን ሴቴዋ መሃል ላይ ቀስ አድርገው ያሹት። የሴቴዋ መሃል ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው፤ ሁሉንም ይንኩ። ብናኙ በአንድ ጎን ብቻ ከደረሰ ፍሬው እንደ ማጭድ ይጎብጣል። አንድ ወንዴ ለሁለት ለሦስት ሴቴ ይበቃል። ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ የሚጠቀሙ አሉ፤ ይሠራል። እኔ ግን አበባውን እመርጣለሁ፤ ብሩሹ ግማሹን ብናኝ ለራሱ ያስቀረዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዘሩን ፓኬት ፈልገው ያንብቡት። በተለይ ለግሪንሃውስ ከተዘጋጁት ዲቃላ ዘሮች ብዙዎቹ ያለ ብናኝ ያፈራሉ፤ አበባቸውም ሴቴ በሴቴ ነው። የእርስዎ ከእነሱ ወገን ከሆነ በጭራሽ እንዳይነኩት። ብናኝ ሲደርሰው ዘር ይቋጥርና ታችኛው ጫፉ ያብጣል። ያም ሆኖ የሚረግፍ ከሆነ ተክሉ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፣ ወይም ብርሃን አንሶታል፣ ወይም ሌሊቱ በርዶታል። ከግንዱ የታችኛው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚወጣውን አበባና የጎን ቅርንጫፍ ገና ለጋ ሳለ ያንሱለት። ያሳዝናል፣ አውቃለሁ። ግን መጀመሪያ ሥር ያብጅ።

ስለ ማዳበሪያው አንድ ነገር ልበል። ዩሪያ ከሆነ የጨመሩት፣ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ቅጠሉን ያጠግበዋል፣ ፍሬውን ያስረሳዋል። «ባሰበት» ያሉት ለዚህ ነው።

«የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ኪያሬ ያወጣቸው አበቦች ሁሉም ወንዴ ናቸው። አባቴ ንቀላቸውና ሌላ ዝራ አለኝ። ልንቀላቸው?»

ኧረ ተው ልጄ! ተራ ኪያር ሁልጊዜ ወንዴውን ነው የሚያስቀድመው። ሴቴዎቹ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተላሉ። ሙቀት ሲበዛና ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ወንዴው ይበዛል፤ ስለዚህ ቤቱን አናፍስ። አባትህን በትህትና «ትንሽ እንጠብቅ» በላቸው።

«ኪያሩ መረረኝ። ሐሞት ነው የሚመስለው! ዘሩ ነው ወይስ አፈሩ?»

አብዛኛውን ጊዜ ውሃው ነው። ኪያር ኩከርቢታሲን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለው። በቅጠሉና በግንዱ ውስጥ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ተባይ የሚከላከልበት ነው። ተክሉ ሲጨነቅ ግን ወደ ፍሬው ይገባል። የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? ዛሬ ድርቅ፣ ነገ ጎርፍ። ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት፣ ሌሊት ብርድ።

አስቡት፣ ከኪያር ፍሬ 95 በመቶው ውሃ ነው። ሥሩ ግን ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ከላይ ባለው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው የሚርመሰመሰው። ፍሬ የያዘ ትልቅ ተክል በሞቃት ቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል። ቅዳሜ አንድ ባልዲ አፍስሶ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መጥፋት አይሆንም። እኔ በየጠዋቱ ጣቴን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ እሰካለሁ። ጫፉ ላይ እርጥበት ከሌለ አጠጣለሁ። ሥሩ አካባቢ ደረቅ ሣር ጎዝጉዣለሁ፤ ውሃውን ይይዝልኛል። የማጠጣውም ግሪንሃውሱ ውስጥ ካስቀመጥኩት በርሜል ቀድቼ ነው። ከቧንቧ የመጣ ቀዝቃዛ ውሃ በሞቀ ሥር ላይ ማፍሰስ ተክሉን ያስደነግጠዋል። በርሜሉ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ኪያር ደግሞ ሌሊት ከ15 ዲግሪ በታች አይስማማውም፤ ከ10 ከወረደማ ይጎዳል።

አሁን በእጅዎ ያለውን በተመለከተ፣ ምሬቱ የሚከማቸው በአገዳው በኩል ባለው ጫፍና ከቆዳው ሥር ነው። ጫፉን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ይጣሉ፤ ቀሪውን ይላጡና ይቅመሱ። አሁንም ሐሞት ከሆነ ለመብላት አይታገሉ። ሆድ ያውካልና ይጣሉት።

«ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ጎረቤቴ ቅጠሉን ስለምታርሺው ነው አለችኝ። ምን መድኃኒት ልርጭ?»

ጎረቤትሽ በግማሽ ልክ ናት። ነጭ ዱቄት የሚመስለው ፈንገስ እንዲያውም የረጠበ ቅጠል አያስፈልገውም። የሚወደው የታፈነ፣ የማይንቀሳቀስ አየርና ጥላ ነው። የረጠበ ቅጠል የሚወደው ሌላ የቅጠል በሽታ ነው። እሱ ከላይ በቅጠሉ ጅማቶች መሃል የታጠሩ፣ ማዕዘን ያላቸው ቢጫ ቦታዎች ያወጣል። ቅጠሉን ስትገለብጪው ግራጫ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሻጋታ ታያለሽ። ሁለቱን ሳትለዪ መድኃኒት አትግዢ።

ያንቺ የመጀመሪያው ይመስለኛል። በጣም የተያዙትን የታችኛዎቹን ቅጠሎች ቁረጪ፤ በአንድ ጊዜ ግን ከሁለት ከሦስት አትለፊ። ከግሪንሃውሱ አርቀሽ ጣያቸው። ለቀሩት አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ፣ በሳምንት አንዴ፣ ፀሐይ ባለበት ጠዋት ርጪ። በሽታው ሲጀምር ይይዘዋል። ቅጠሉን ሁሉ ካለበሰ በኋላ ግን ተአምር አትጠብቂበት።

ከወተቱ ይልቅ አየሩ ይበልጣል። ብዙዎቻችሁ ላስቲኩን ወጥራችሁ አንድ በር ብቻ ትተዋላችሁ። እንደሱ ያለው ምድጃ እንጂ ግሪንሃውስ አይደለም። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ መውጫው ከላይ፣ መግቢያው ከታች ይሁን። የሚከፈተው ሁሉ ሲደመር የወለሉን ስፋት አንድ አምስተኛ ቢሆን ጥሩ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ስትበረታ ክፈቺ፣ ማታ ብርዱ ሳይገባ ዝጊ። ወደ ጎን የሚወጡትን ቅርንጫፎች እየቀነስሽ ዋናውን ግንድ በሲባጎ ወደ ላይ አስወጪው። በተክሎቹ መሃል ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ተዪ። አሥር አጠጋግተሽ ከምትተክዪ አራት አራርቀሽ ትከዪ፤ ኪያሩ ከአራቱ ይበልጥልሻል።

«ቲማቲምና ኪያር አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ይስማማሉ?»

እንደ ደባል ነው የሚኖሩት። ኪያር እርጥብና ሞቃት አየር ይፈልጋል፤ ቲማቲም ደረቅ ያለና የሚናፈስ። ሌላ ቦታ ከሌለ ቲማቲሙን በሩ አጠገብ፣ ኪያሩን ወደ ውስጥ ያድርጉ። ነጭ ዝንብ ግን ሁለቱንም እኩል ነው የሚወደው። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት ይስቀሉ።

«እኔ ግሪንሃውስ የለኝም። ያለኝ በረንዳ ነው። ተስፋ ልቁረጥ?»

ለምን ሲባል? ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ታቹ የተበሳ ዕቃ ለአንድ ተክል ይበቃል። ችግኙን ገና ከጅምሩ ለብቻው በትንሽ ዕቃ ያፍሉት፤ የኪያር ሥር ሲነካካ ያኮርፋል። ከዚያ ከዕቃው በታች ጎማ ይግጠሙለት። ፀሐይ ስትዞር ይግፉት፣ ሲበርድ ያስገቡት። ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 14 እስከ 37 የገዛው የሮማ ንጉሠ ነገሥት ጢባርዮስ ከገበታው ኪያር እንዳይጠፋ አትክልተኞቹ መደቡን በጎማ ላይ ሠርተውለት ነበር። ቀን ፀሐይ ላይ ያወጡታል፤ በብርድ ጊዜ ብርሃን በሚያሳልፍ ድንጋይ ወደተሸፈነው መጠለያ ይመልሱታል። የዛሬ ተመራማሪዎች «የበላው ኪያር ሳይሆን የሐብሐብ ዘመድ ነው» እያሉ ይከራከራሉ። ይከራከሩ። ጎማው ግን ይሠራል።

«አንዱ ኪያር በጣም አማረብኝ። ለዘመድ ላሳይ ብዬ ሳልቆርጠው ተውኩት። አሁን ክንድ አክሎ ቢጫ ሆነ። ተክሉ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ማፍራት አቆመ።»

ፎቶ ያንሱትና ዛሬውኑ ይቁረጡት። ተክሉ የሚለፋው ለእርስዎ ሳይሆን ለዘሩ ነው። አንድ ፍሬ ዘሩን ካበሰለ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይቀመጣል። ኪያር አበባው ከተከፈተ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። በየሁለት ቀኑ ይዙሩት፤ ሲሞቅማ በየቀኑ። ቅጠል ሥር የሚደበቁትን አይርሱ፤ የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። በእጅ አይጎትቱ፣ ግንዱ ይሰነጠቃል። በመቀስ፣ ጥቂት አገዳ አስቀርተው ይቁረጡ።

ዘር ለመያዝ ከሆነ ያሰቡት፣ ወቅቱ ሊያልቅ ሲል አንዱን ፍሬ ይተዉለት። ከዲቃላ ተክል ግን አይልፉ። የሚወጣው ልጅ እናቱን አይመስልም።