ልጆች፣ ራጅና ሲቲ ስካን፦ ስለ ጨረሩ የጠየቃችሁኝ

የምሠራው ራጅ ክፍል ነው። ልጆች ራጅና ሲቲ ስካን ሲነሱ የሚያገኙት ጨረር ውሎ አድሮ ምን ያመጣል ብላችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 ዓመቷ ነው። ሳንባ ምች ይዟት ሁለት ጊዜ የደረት ራጅ ተነሳች። ካንሰር ያመጣባት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ማናችንም ብንሆን ከአፈርም ከሰማይም ጨረር እናገኛለን፤ በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ። አንድ የደረት ራጅ ከዚህ የጥቂት ቀናቱን ያህል ብቻ ነው። ሳንባ ምች በጊዜ ሳይታወቅ ቢቀር ነበር የሚያስፈራው።

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካንስ? ልጃችን ከአልጋ ወድቆ ጭንቅላቱን ሲመታ ዘመድ ሁሉ «ሲቲ ይነሳ» አለን።

መልስ፦ ሲቲ ሌላ ነገር ነው፤ በራጅ ጨረር ከብዙ አቅጣጫ የሚነሳ ምስል ነው። የራስ ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት አካባቢ ይሰጣል፤ የሆድ ሲቲ ከዚያም ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ የወጣ ጥናት በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ሲቲ የተነሱ 178,000 ያህል ሰዎችን ተከታትሏል። ከ10 ዓመት በታች ሆነው የራስ ሲቲ ከተነሱ 10,000 ልጆች መካከል፣ በቀጣዮቹ 10 ዓመታት 1 ተጨማሪ የደም ካንሰርና 1 ተጨማሪ የአንጎል ዕጢ እንደሚኖር ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በ9 የአውሮፓ አገሮች ወደ 950,000 ሰዎችን ያየ ጥናት ተመሳሳይ ነገር አገኘ፦ ሲቲ ከተነሱ 10,000 ልጆች መካከል፣ በ12 ዓመት ውስጥ፣ 1 ወይም 2 ተጨማሪ የደም ካንሰር።

ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ራሱን የሳተ፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው ወይም እየፈዘዘ የሚሄድ ልጅ ሐኪም ካዘዘለት ሲቲውን አንድ ደቂቃ አታዘግዩበት። ትንሽ አልቅሶ ወደ ጨዋታው የተመለሰውን ግን ብዙ ጊዜ ሐኪም ለጥቂት ሰዓታት ቢከታተለው ይበቃል። ዘመድ ስላለ ብቻ ሲቲ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ለምን ልጆች ላይ ይበረታል?

መልስ፦ ሴሎቻቸው ቶሎ ቶሎ ይባዛሉ። ካንሰር ለመታየት ዓመታት ይፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ገና ረጅም ዕድሜ አላቸው። ሌላው ማሽኑ ነው። በአዋቂ ልክ እንደተስተካከለ ሕፃን ካነሱበት፣ ልጁ ለማያስፈልገው ጨረር ይጋለጣል። «ለልጅ አስተካክላችሁታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ጥያቄ፦ አልትራሳውንድና ኤምአርአይስ?

መልስ፦ አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ፣ ኤምአርአይ በማግኔት ስለሚሠሩ እንዲህ ያለ ጨረር የላቸውም። ለሆድ ሕመምና ለትርፍ አንጀት ጥርጣሬ በአልትራሳውንድ መጀመር ነው። ኤምአርአይ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ትንንሾቹን ማደንዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ የልጄ አከርካሪ ጠመም ስላለ በየጊዜው ራጅ ትነሳለች።

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1965 በዚሁ ችግር የታከሙ ከ5,000 በላይ ሴቶች ተጠንተው ነበር። በአማካይ ወደ 25 ጊዜ ራጅ ተነስተዋል፤ በጡት ካንሰር የሞቱትም ከሚጠበቀው 70 በመቶ ያህል በልጠው ተገኙ። የዛሬ ማሽን ጨረሩ ከዚያን ጊዜው በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም ባለሙያውን «ጨረሩ በጀርባዋ በኩል ይግባ» በሉት። ያኔ ጡቷ ላይ የሚደርሰው በእጅጉ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ከአንድ ክሊኒክ የተነሳውን ፊልም ይዘን ሌላ ቦታ ስንሄድ «እዚህ እንደገና ይነሳ» አሉን።

መልስ፦ ይሄ በጣም ያናድደኛል። ፊልሙ ካልጠራ ወይም ሕመሙ ከተለወጠ መድገም ተገቢ ነው። አለዚያ «ይሄኛው ለምን አልበቃም?» በሉ፣ መልስ ጠብቁ። ፊልሙን ከነፖስታው ሳታጥፉ አስቀምጡ። ሪፖርቱን በስልክ አንሱት። ሲዲ ከሰጧችሁ አትጣሉት። ወደ ሐኪም ስትሄዱ ቤት የሚረሳው ፖስታ ነው ብዙ ልጅ ድጋሚ የሚያስነሳው።

ጥያቄ፦ ሲነሳ እኔ ልያዘው? ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ አንቺ ውጪ ጠብቂ፤ አባቱ ወይም ሌላ ሰው ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ብረት ሽርጥ ለብሶ ይያዘው። አጥብቆ ይያዘው ደግሞ፤ ልጁ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዝና እንደገና ይነሳል። ከመግባታችሁ በፊት ጡት ወይም ጡጦ ጠጥቶ ከሆነ፣ በብርድ ልብስም ከተጠቀለለ፣ ብዙ ሕፃናት ጸጥ ይላሉ። ማደንዘዣ ከታዘዘለት ግን መቼ መጥባት እንደሚያቆም ቀድመሽ ጠይቂ።