«ኮልቲሽ» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ስለ እንግሊዝኛ ቃላት ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ እርስ በርስ የሚዛመዱትን ዛሬ አንድ ላይ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ባነበብሁት ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት የ15 ዓመት ልጃገረድ «ኮልቲሽ» ተብላለች። ደራሲው ሰደባት ወይስ አመሰገናት?

መልስ፦ ወደ ምስጋናው ያደላል። «ኮልት» ገና አራት ዓመት ያልሞላው ወንድ የፈረስ ውርንጭላ ነው። ውርንጭላ ሲወለድ እግሮቹ ለሰውነቱ እጅግ ይረዝማሉ፤ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እየተንገዳገደ ይቆማል፤ ሰንበት ሲል ደግሞ ማንም ሳይነካው ይቦርቃል። ቅጽሉ ሁለቱንም ይዟል፦ ቡረቃውንም፣ በረዘሙ እግሮች ገና በቅጡ ማዘዝ አለመቻሉንም። ተርጓሚዎቻችን «ተጫዋች» ብለው ሲያልፉት ታዲያ እግሮቹ ይቀራሉ። እኔ ብሆን «እንደ ውርንጭላ የምትቦርቅ» እል ነበር።

ጥያቄ፦ ኮልት ወንዱ ከሆነ ለሴት ልጅ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ሴቷ ውርንጭላ «ፊሊ» ትባላለች፤ ከእርሷ ስም ግን እንዲህ ያለ የተለመደ ቅጽል አልወጣም።

ጥያቄ፦ ቃሉ ጥንታዊ ነው ወይስ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ?

መልስ፦ በጽሑፍ ከ600 ዓመት በላይ አስቆጥሯል፤ አጀማመሩ ግን ወጣቶችን አይመለከትም። በ1400 የሞተው እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር በ«ካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ ጃንዋሪ የሚባል ሽማግሌ ባላባት ይተርካል። ሰውየው ስልሳ ዓመት ያለ ሚስት ኖሮ ሜይ የምትባል ወጣት ያገባል። በሠርጉ ሌሊት ማለዳ ላይ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ይዘፍናል፤ የላላው የአንገቱ ቆዳ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ቾሰር «ኮልቲሽ» ያለው ይህን ሰው ነው! በዚያ ዘመን ቃሉ ልጓም ያልገባለትን፣ ፍትወት ያየለበትን ሰው ያመለክት ነበር። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አምስት ባል ያገባችው የባዝ ከተማ ሴት ደግሞ «ሁልጊዜም የውርንጭላ ጥርስ ነበረኝ» ትላለች፤ የወጣትነት ፍላጎቴ አልከሰመም ማለቷ ነው። ወዲያውም ፍንጭት መሆኗን አንስታ እንደሚያምርባት ትነግረናለች። በዚህ እንኳ ከእኛ ሰው ጋር የምትከራከር አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ኮልት ሽጉጥስ ከውርንጭላው ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ በቀጥታ አይዛመድም። ሽጉጡ የተሰየመው በ1836 በአሜሪካ የፈጠራ መብት ባገኘው በሳሙኤል ኮልት ነው። የቤተሰቡ ስም ግን ከውርንጭላው እንደ መጣ ይታመናል።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። የልጄ መምህርት በላከችልኝ ማስታወሻ ላይ ልጄን «ኢምፒሽ» ብላዋለች። መዝገበ ቃላት ባይ «ኢምፕ» ትንሽ ሰይጣን ነው ይላል። ልቆጣ?

መልስ፦ አይቆጡ። «ኢምፕ» በጥንቱ እንግሊዝኛ በሌላ ዛፍ ላይ የሚዳቀል ቀንበጥ ነበር። ከቀንበጥነት ወደ ሰው ልጅነት ተሻገረ፤ የተከበረ ቤተሰብ ልጅም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በኋላ «የሰይጣን ልጅ» የሚለው አነጋገር ሲበረታ ቃሉ ብቻውን ትንሽ ሰይጣን ማለት ሆነ። ዛሬ ቅጽሉ የሚነገረው በፈገግታ ነው፤ ተንኮል እያሰበ ዓይኑ የሚስቅ ልጅ ማለት ነው። መምህርቷ ልጁን ሳትወድደው አትቀርም። ምን እንዳደረገ ግን ቢጠይቋት ጥሩ ነው።